የሠራተኛው ጭንቀት የማን ጥያቄ ነው?

የተማሪው ንቅናቄ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ በአዲስ አበባ አደባባይ በወጣ ጊዜ ያነሣው ጥያቄ ስለ አፈር ብቻ አልነበረም። ገበሬው የላቡ ባለቤት ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ጥያቄ ነበር። ዛሬ እኛ በውጭ አገር የምንማር ወጣቶች በዙሪያችን ያለውን የወገናችንን ኑሮ ስንመለከት፥ ያው ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ ቆሞ እናገኘዋለን። ሠራተኛው የጊዜው፥ የእንቅልፉና የሐሳቡ ባለቤት ነውን? ደመወዙን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ አእምሮውንስ ይዞ ይመለሳልን? (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የአእምሮ ጤና ሲባል ወዲያው የሚታየው ልብሱን ጥሎ በመንገድ የሚሮጥ ሰው ነው። እኛ የምንናገረው ግን ከዚያ በጣም ሰፋ ስላለ ነገር ነው። ሌሊቱን ሠርቶ ቀን እንቅልፍ ስለሚከዳው፥ በሥራው በር ላይ መኪናውን አቁሞ ለመውረድ እግሩ አልታዘዝ ስለሚለው፥ ከልጆቹ ጋር ማዕድ ቀርቦ ሳለ ልቡ ሌላ ቦታ ስለሚውል፥ ቁጣው ያለ ምክንያት ስለሚገነፍል ሰው ነው። አገራችን እንዲህ ያለውን ሰው «ሐሳብ ገብቶታል»፥ «ሆድ ብሶታል» ትለዋለች። ሐኪም ጭንቀት ወይም ድብርት ይለዋል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፥ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ካልታየም ይገድላል።

አቋማችንን ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርግ። የሠራተኛው የአእምሮ ጤና በብዙው የሥራው አደረጃጀት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሐኪምንና መድኃኒትን ሳንንቅ፥ ዋናው መድኃኒት ሠራተኛው በጊዜውና በሥራው ላይ ሥልጣን ማግኘቱ ነው እንላለን። ያ ሥልጣን ደግሞ በተናጠል አይገኝም፤ በማኅበር ነው።

ነገሩን በምናውቀው ቦታ እንጀምር። ሎውሪ በኮሎራዶ በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች ወሰን ላይ ያለ ሠፈር ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1994 ድረስ የአሜሪካ አየር ኃይል ጦር ሠፈርና የቴክኒክ ማሠልጠኛ ነበር። ጦሩ ከለቀቀ በኋላ ቦታው የመኖሪያ ቤት፥ የቢሮ፥ የትምህርት ቤትና የመናፈሻ ሠፈር ሆነ። ከአውሮፕላን ማቆያዎቹ አንዱ ዛሬ የአቪዬሽን ሙዚየም ነው፤ የአውሮራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም አንዱ ግቢው እዚሁ ነው። ከሎውሪ ወጣ ሲሉ በኮልፋክስና በሃቫና ጎዳናዎች ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የተሰቀለባቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ይገኛሉ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢጓዙ በ1995 የተከፈተው የዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ጣቢያ አለ። ጣቢያው ቀንና ሌሊት አይተኛም፤ የማያስተኙትም ሠራተኞች ብዙዎቹ የእኛ ወገኖች ናቸው።

አውሮፕላን ጣቢያ የሚያጸዳው፥ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው፥ መኪና የሚያቆመው፥ በዕቃ መጋዘን ሣጥን የሚያነሣው፥ በሆስፒታል አልጋ የሚያነጥፈው፥ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሰው አባትና እናት የምታጥበው፥ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ጥሪ ሰው የሚያመላልሰው ማን እንደ ሆነ የአውሮራ ነዋሪ ያውቃል። ከእነርሱ መካከል በአገር ቤት መምህር የነበረ፥ የባንክ ሠራተኛ የነበረች፥ መሐንዲስ የነበረ ጥቂት አይደለም። እኛም በሎውሪ በክፍል ውስጥ ተቀምጠን የምንማረው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ነው። የኮሌጁን ክፍያ የከፈለው የአባታችን የሌሊት ፈረቃ ወይም የእኅታችን ሁለተኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ ከሩቅ የምናጠናው አይደለም፤ የቤታችን ጉዳይ ነው።

የእነዚህን ወገኖች ሸክም አንድ በአንድ እንቍጠር። መጀመሪያ ድካሙ አለ። ከአንዱ ሥራ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባ ሰው በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ቆሞ ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፥ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎችን በአንጎል ደም መፍሰስና መዘጋት፥ እንዲሁም በልብ ሕመም እንዲሞቱ አድርጓል ብለው ገምተዋል። በሁለት ሥራ የሚኖር ወገናችን 55 ሰዓትን የሚሞላው ሳምንቱ ገና ሳያልቅ ነው።

ሁለተኛው ዝቅታው ነው። ትናንት በስሙ ላይ «አቶ» ተጨምሮለት ይጠራ የነበረ ሰው ዛሬ የልጁ እኩያ የሆነ ተቆጣጣሪ በጣቱ ይጠራዋል። ሥራ ክቡር መሆኑን እናምናለን፤ መጥረጊያ መያዝ አያዋርድም። የሚያዋርደው የሚያውቀውን ለመናገር ቦታ ማጣት ነው።

ሦስተኛው የአገር ቤት ሐሳብ ነው። በየወሩ የሚላከው ገንዘብ አለ፤ ከገንዘቡም የሚከብድ ነገር አለ። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲካሄድ በትግራይ ስልክ ለብዙ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያ ሲነሣ ኢንተርኔት ተዘግቷል። በእነዚያ ወራት እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ የሰው ሻንጣ ሲጭን ያደረ፥ የወንድሙን መርዶ በምሳ ሰዓት ሰምቶ ዕንባውን በመጸዳጃ ቤት ጠርጎ ወደ ሥራው የተመለሰ ወገን ስንት ነው? ይህን የሚቈጥር መዝገብ የለም፤ ግን ከመካከላችን እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ ሸክም ብዙ ጊዜ በአፍ አይነገርም፤ በሰውነት ይናገራል። ጨጓራ ይላል፥ ራስ ያቃጥላል፥ ወገብ ይይዛል። ሠራተኛው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ደም ይሰጣል፤ «ምንም የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የማርቲኒክ ተወላጅ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን በ1952 በአንድ የፈረንሳይ መጽሔት ላይ ስለ ሰሜን አፍሪካ ስደተኛ ሠራተኞች ጽፎ ነበር። ሠራተኞቹ ሰውነታቸውን ሁሉ እንደሚያማቸው ሲናገሩ፥ ሐኪሞቹ የሚታይ ቁስል ስላላገኙ ሰነፍና አስመሳይ አድርገው ያዩአቸው ነበር። ፋኖን ግን ሰውየውን ከኑሮው ነጥሎ መመርመር አይቻልም ብሎ ተከራከረ፤ ከአገሩ፥ ከቤተ ሰቡና ከክብሩ የተለየ ሰው ሕመሙ በዚያው መለየት ውስጥ ነውና። ኋላም በአልጄሪያ በብሊዳ የአእምሮ ሆስፒታል ከ1953 ጀምሮ ሠርቶ በ1956 ሥራውን ለቀቀ። ሰውን በገዛ አገሩ ባዕድ የሚያደርግ ሥርዓት ቆሞ ሳለ፥ በሽተኛውን ብቻ አክሞ ወደዚያው መመለስ ትርጉም የለውም ወደሚል መደምደሚያ ደርሶ ነበር።

ፋኖን በሆስፒታል ውስጥ ያየውን የሥራ ጥናት አዋቂዎች በቍጥር አረጋግጠውታል። ሮበርት ካራሴክ የተባለው ተመራማሪ በ1979 ባሳተመው ጥናት የስዊድንንና የአሜሪካን ሠራተኞች መርምሮ ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ ሰውን የሚያሳምመው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም። እጅግ የሚጐዳው ብዙ ሥራ ከጥቂት ሥልጣን ጋር ሲገናኝ ነው። ብዙ የሚሠራ ነገር ግን ሥራውን እንዴትና መቼ እንደሚሠራ ራሱ የሚወስን ሰው ይደክማል እንጂ እንዲህ አይሰበርም። ብዙ ተጠይቆ ምንም የማይወስነው ግን ይሰበራል።

እንግዲህ ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ወገኖቻችን እንመለስ። በመጦሪያ ቤት የምትሠራው እኅት በአንድ ሌሊት ስንት ሽማግሌ እንደምትንከባከብ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ግን የምትጠየቀው እርስዋ ናት። በመጋዘን የሚሠራው ወንድም በሰዓት ስንት ሣጥን እንደሚያነሣ መኪናው ይቈጥርበታል። ሹፌሩ ዋጋውን አይወስንም፥ መንገዱን አይወስንም፤ አንድ መንገደኛ ቢከስሰው ስልኩ ተዘግቶበት ያድራል፤ ለማን አቤት እንደሚልም አያውቅም። ሁሉም ብዙ ይጠየቃሉ፤ ማንም አይጠይቃቸውም።

ለዚህ ችግር በየአቅጣጫው የሚሰጡ ሦስት መልሶች አሉ። ሦስቱንም አንቀበልም።

የመጀመሪያው መልስ ከአሠሪው ይመጣል። በዕረፍት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚያምር ወረቀት ይለጠፋል። ትንፋሽህን በረጅሙ ሳብ፥ ውኃ ጠጣ፥ ራስህን ውደድ ይላል፤ ከሥሩም የስልክ ቍጥር አለ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። በዚያው ሳምንት የሥራው ሰሌዳ በዋዜማው ይለወጣል፤ የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ይህ በአንድ እጅ እያቆሰሉ በሌላው ፋሻ ማቀበል ነው። ምክር መስጠቱን አንቃወምም፤ ምክሩ የአሠሪውን ኃላፊነት ወደ ሠራተኛው ጫንቃ ማሻገሪያ ሲሆን ግን እንቃወማለን። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2022 ስለ አእምሮ ጤና በሥራ ቦታ ባወጣው መመሪያ፥ የሥራ ጫናንና የመሳሰሉትን ጠንቆች ከሥራው አደረጃጀት እንዲታረሙ፥ አለቆችም እንዲሠለጥኑ ይመክራል። በዚያው ዓመት እንደ ተገለጸው በድብርትና በጭንቀት ምክንያት ዓለም በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ያጣል። ይህን ያህል ቀን የሚጠፋው ሰዎች ትንፋሽ መሳብ ስላላወቁ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ከወገናችን ይመጣል። «ተመስገን በል፤ አገር ቤት ያለው ምን ይበል?» ይባላል። ወይም «ይህን ለሰው እንዳትናገር፤ እብድ ትባላለህ» ይባላል። ቤተ ሰቡ ስሙን ለመጠበቅ ሲል በሽተኛውን ይደብቃል። የደበቁት ሰው ሲሞትም «ድንገት ነው» ይባላል፤ ምክንያቱን ሁሉ ያውቃል፥ ማንም አይናገርም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለዚህ ነበር። ጸሎትንና ጸበልን አንንቅም። ለብዙው ወገናችን ከማንም በፊት የሚያደምጠው የነፍስ አባቱ ወይም ሼኩ ነው። የምንለው ካህኑና ሼኩ «ሐኪምም እይ፥ መድኃኒትህንም አታቋርጥ» ቢሉ ቃላቸው ከማናቸውም ወረቀት ይልቅ ይሰማል ነው። ደግሞም ሕመም ሁሉ ከሥራ ብቻ ይመጣል አንልም። ከጦርነት ትዝታ የሚመጣ አለ፤ በዘር የሚመጣ አለ፤ ምክንያቱ የማይታወቅ አለ። እንዲህ ያለው በሽተኛ ሐኪም ያስፈልገዋል። ግን እርሱም ቢሆን ወደ ሐኪም ለመሄድ ፈቃድ፥ ደመወዝና የማይሳቅበት የሥራ ቦታ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው መልስ ከራሳችን ወገን፥ ተራማጅ ነን ከሚሉት ይሰማል። የአእምሮ ጤና ጉዳይ የጠገቡ ሰዎች ቅንጦት ነው፤ ዋናው የሥርዓት ለውጥ ነው፤ ሥርዓቱ ሲለወጥ ጭንቀቱ አብሮ ይሄዳል ይላሉ። ለእነዚህ ወንድሞች የምንመልሰው አጭር ነው። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ስብሰባ አይመጣም። ራሱን የናቀ ሰው ለመብቱ አይናገርም። ጭቆና ሰውን የሚይዘው በእግር ብረት ብቻ አይደለም፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የማልረባው» ብሎ እንዲያምን በማድረግ ነው ይበልጥ የሚይዘው። ስለዚህ ጭንቀቱ የብቻው እንዳልሆነ ሠራተኛውን ማስረዳት ከትግሉ ውጭ ያለ ሥራ አይደለም፤ የትግሉ መጀመሪያ ነው።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ እንዳይሆን ከታክሲ ነጂዎች ታሪክ ምሳሌ እናምጣ። በኒው ዮርክ ከተማ የአንድ ታክሲ ፈቃድ ዋጋ በ2014 አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ፈቃዱን በብድር የገዙት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። ዋጋው ሲወድቅ ዕዳው ብቻ ቀረ። በ2018 በዕዳና በተስፋ መቍረጥ የተያዙ በርካታ ነጂዎች ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አጠፉ። ከተማው በመጀመሪያ ያየው የግለሰቦችን ኀዘን ነበር። የነጂዎቹ ማኅበር ግን የገደላቸው ዕዳው ነው ብሎ ተነሣ። በ2021 ነጂዎቹ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለአሥራ አምስት ቀን ምግብ ባለመብላት አድማ አደረጉ። በኅዳር መግቢያ ስምምነት ተደረሰ፤ ዕዳው ተቀነሰ፥ ከተማው ዋስ ሆነ፥ የወሩም ክፍያ ከ1,122 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የነጂዎቹን እንቅልፍ የሰረቀው ዕዳው ነበርና፥ እንቅልፋቸውም የተመለሰው በዕዳው ወረቀት ላይ በተደረገ ለውጥ ነው።

በዴንቨርም የራሳችን ታሪክ አለን። ነጂዎች ለኩባንያ በየሳምንቱ የመኪና ኪራይ እየከፈሉ፥ ገና ሳይሠሩ ባለ ዕዳ ሆነው ሰኞን የሚጀምሩበት ዘመን ነበር። በ2009 ከ250 በላይ ነጂዎች «ዩንየን ታክሲ» የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው በራሳቸው መኪና መሥራት ጀመሩ። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ነበሩ። ከዚያም በ2016 ስምንት መቶ ያህል አባላት ያሉት «ግሪን ታክሲ» በኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ 7777 ድጋፍ ሥራ ጀመረ። እነዚህ ማኅበራት ገነት አላመጡም። ኮሎራዶ በ2014 በስልክ የሚጠሩትን የመጓጓዣ ኩባንያዎች በሕግ የደነገገች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆና ስለ ነበር፥ ውድድሩ ገበያቸውን በላው። ሆኖም ነጂዎቹ አንድ ነገር አሳይተውናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለው፥ አንዱን ሰው በሌሊት የሚያስጨንቀው ሸክም በስብሰባ ላይ ሲወርድ የሁሉ ጥያቄ ይሆናል። ትግሉም አላቆመም። በ2024 ኩባንያዎቹ ተሳፋሪው ምን ያህል እንደ ከፈለና ነጂው ምን ያህል እንደ ደረሰው እንዲገልጹ፥ ነጂንም ከሥራ የሚያግዱበትን ደንብ እንዲያሳውቁ የሚያዝ ሕግ በኮሎራዶ ወጥቷል። ለምን እንደ ታገደ ማወቅ በራሱ ግማሽ እረፍት ነው።

ስለ ሕግ ካነሣን፥ ሠራተኛው ያለውን መብት ማወቅ አለበት። በኮሎራዶ በ2020 የወጣው የቤተ ሰብና የሥራ ቦታ ጤና ሕግ ከ2022 ጀምሮ ለማናቸውም አሠሪ፥ ትንሽም ይሁን ትልቅ፥ ግዴታ ሆኗል። ሠራተኛው በሠራ በየ30 ሰዓቱ የአንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ከነደመወዙ ያገኛል፤ በዓመትም እስከ 48 ሰዓት ይደርሳል። ሕጉ የአካል ሕመምንና የአእምሮ ሕመምን አይለይም። የሐኪም ወረቀት ሊጠየቅ የሚችለው ሠራተኛው በተከታታይ አራት የሥራ ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀር ብቻ ነው፤ አሠሪውም የሕመሙን ዝርዝር ንገረኝ ሊል አይችልም። በ2023 ሕጉ ተሻሽሎ የቤተ ሰብ አባል ለሞተበት ሰው ለቅሶ እንዲቀመጥበት ተፈቅዷል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የቤተ ሰብና የሕክምና ዕረፍት መድን ለከባድ ሕመም፥ የአእምሮ ሕመምንም ጨምሮ፥ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ከፊል ደመወዝ ይከፍላል። በራሱ የሚተዳደረው ነጂም መዋጮ እየከፈለ በፈቃዱ ሊገባበት ይችላል። ሌሊት ጨንቆት ሕይወቱን ለማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው፥ ወይም እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ ያለ፥ በመላ አሜሪካ ከ2022 ጀምሮ በሚሠራው በ988 ይደውል፤ አስተርጓሚም ይጠይቅ።

እነዚህ ሕጎች ከሰማይ አልወረዱም፤ ሠራተኞችና ድምፅ ሰጪዎች ታግለው ያስገኟቸው ናቸው። ጉድለትም አለባቸው። የሕመም ፈቃዱ ሕግ ተቀጣሪ እንጂ በራሱ የሚሠራ ተብሎ የተመዘገበውን ነጂ አይሸፍንም። ከሁሉ የከፋው ግን ሕጉ ኖሮ አለመታወቁ ነው። ለቅሶ ለመቀመጥ ከነደመወዙ መብት እያለው፥ መርዶውን ሰምቶ ወደ ሥራው የሚመለስ ወገን እስካለ ድረስ፥ ቋንቋ የምናውቅ ተማሪዎች ሥራችንን ጨርሰናል ልንል አንችልም።

በአገር ቤት ላሉ አንባቢዎቻችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ እንውሰድ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 ባወጡት ዘገባ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል እንደ ነበር፥ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ለመተካት ይገደዱ እንደ ነበር ገልጸዋል። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንዳንዱ አለቃ ይህን የሥራ ባህል ማነስ ብሎታል። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን። የሚሰማው ያጣ ሰው በእግሩ ይናገራል። ሥራን ጥሎ መሄድ ማኅበር የሌለው ሠራተኛ አቤቱታ ነው።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፥ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፥ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ነው። ሕጉ ጥሩ መሠረት ነው። ነገር ግን ፈቃዱ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል በአገራችን የሚታወቀው በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር፤ ስሙም ራሱ እስከ ዛሬ ለብዙ ሰው መሰደቢያ ነው። «ከአማኑኤል የመጣ ወረቀት» ይዞ ወደ አለቃው የሚቀርብ ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቀው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት ሲዋዋሉ፥ በአእምሮ ሕመም ፈቃድ የወሰደ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስና ምስጢሩም እንዲጠበቅ በግልጽ ሊያጽፉ ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የምናቀርበው ሐሳብ በእጃችን ባለ ነገር የሚጀመር ነው።

አንደኛ፥ ተማሪው ይተርጕም። ከላይ የጠቀስናቸውን መብቶች በአንድ ገጽ በአማርኛ፥ በትግርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ ጽፈን በየምግብ ቤቱ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ፥ በየመስጊዱና ነጂዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ እናድርስ። ቅጹን መሙላት ላልቻለው አብረነው ተቀምጠን እንሙላ።

ሁለተኛ፥ በየሥራው ቦታ ያሉ ወገኖች ሦስትም አራትም ሆነው በወር አንድ ጊዜ ይገናኙ። ቡና ይፈላ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሕመም መነጋገር የለባቸውም፤ ስለ ሥራው ሰሌዳ፥ ስለ ፈረቃው፥ ስለ አለቃው ይነጋገሩ። «ለካ አንተም እንዲሁ ነህ» የሚለው ቃል ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ከዚያ ስብሰባ የጋራ ጥያቄ ይወጣል፤ የጋራ ጥያቄ ካለ ማኅበር አለ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ስለ እድራችን ነው። በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ ሰው ሲሞት የምናደርገውን የሚያውቅ ሁሉ ያደንቀናል። በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ አስከሬኑ በክብር ወደ አገሩ ይላካል፤ ቤቱ ለሳምንት በሰው ይሞላል። ይህን ያህል ኃይል ካለን፥ ስለ ምን ሰውየው እስኪሞት እንጠብቃለን? አንድ ወር ከሥራ ዐርፎ ሐኪም ቢያይ ሊድን የሚችለው ወንድም የሚያጣው የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው። አስከሬን ወደ አገር ለመላክ የምናዋጣው ገንዘብ ከዚያ አያንስም። ስለዚህ እድሮች ሁሉ ከመዋጮአቸው ጥቂት ክፍል ለሕያዋን እንዲለዩ እንጠይቃለን። የታመመ አባል፥ ሕመሙ የአካልም ይሁን የአእምሮ፥ ኪራዩ እንዲከፈልለት፥ ቤቱም በለቅሶ ጊዜ እንደሚሞላ በሕመሙም ጊዜ በሰው እንዲሞላ፥ ስሙ ግን ከጥቂት ሹማምንት በቀር ለማንም እንዳይነገር ይደንገግ። ለሞተው ድንኳን የሚተክል ሕዝብ ለሚጨነቀው ሰው ወንበር ማቅረብ አያቅተውም።

ይህ ሐሳብ ተቃውሞ እንደሚገጥመው እናውቃለን። «ሰው ያታልላል፤ ሳይታመም ታመምኩ ይላል» የሚሉ ይኖራሉ። በየትኛውም ማኅበር የሚያታልል አይጠፋም። ነገር ግን አንድ አታላይ በወር ኪራይ የሚያደርስብን ጉዳትና፥ አንድ እውነተኛ ሕመምተኛ ተደብቆ ሲሞት የሚደርስብን ጉዳት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። አሠሪው ሠራተኛውን አስመሳይ ይለዋል፤ ፋኖን እንዳየው ሐኪሙም አስመሳይ ይለዋል። ወገኑም ሦስተኛ ሆኖ አስመሳይ ካለው ወዴት ይሂድ?

ለርእሳችን ጥያቄ መልስ እንስጥ። የሠራተኛው ጭንቀት የሠራተኛው ብቻ ጥያቄ አይደለም። ሰሌዳውን የሚጽፈው አሠሪ ጥያቄ ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው መንግሥት ጥያቄ ነው፤ መዋጮውን የሚሰበስበው እድር ጥያቄ ነው፤ በሠራተኛው ላብ የሚማረው ተማሪ ጥያቄ ነው። መሬት ለአራሹ ያሉት ታላላቆቻችን አራሹን ከመሬቱ ሊያገናኙ ተነሡ። የእኛ ትውልድ ደግሞ ሠራተኛውን ከእንቅልፉ፥ ከክብሩና ከወገኑ ያገናኝ። የሚመጣው የእድር ስብሰባ ሲጠራ፥ ተማሪዎች እንገኝ፤ ይህንንም ጥያቄ በአጀንዳው ላይ እናስይዝ።